የጂም አሰልጣኝ ስንመርጥ ምኑን እንይ? የአዳራሽ፣ የግል፣ የቡድንና የስልክ አሰልጣኞች ሲነጻጸሩ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ጂሞች ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ አንድ የማይለወጥ ነገር ያያሉ። የሦስት ወር ከፍሎ የገባ አዲስ አባል በሩ አጠገብ ቆሞ አዳራሹን ይቃኛል፤ ከአሰልጣኞቹ መካከል ደረቱ የሰፋውን፣ ክንዱ የወፈረውን ይመርጥና ወደ እሱ ይሄዳል። እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የደም ግፊቴ ከፍ ማለት መጀመሩን ሐኪም ነግሮኛል፤ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የቀረው ቦርጭም አሳስቦኛል። ሰውነቱ የተቀረጸ ሐውልት የሚመስለውን ወጣት "አንተ አሰልጥነኝ" አልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ብረት ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስሠራ ወገቤን ወጋኝ። "ወገቤን አመመኝ" አልኩት። "ይለመዳል፤ አምስት ብቻ ቀረሽ" አለኝ። አምስቱን ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወራት ጫማዬን ያሰረችልኝ ትልቋ ልጄ ናት።

ከዚያ ወዲህ አራት ጂም አይቻለሁ፤ በሰባት አሰልጣኞች እጅም አልፌያለሁ። ጥሩውን ከመጥፎው የምለይበት አንድ መለኪያ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ይኸውም አሰልጣኙ "አመመኝ" ወይም "አልቻልኩም" ሲባል የሚያደርገው ነገር ነው። ዋጋውን፣ ዲግሪውን፣ ጡንቻውን የምመዝነው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ከዚህ በታች አማራጮቹን ሳነጻጽርም ይህ ጥያቄ ከእጄ አይወጣም።

የቆዩ አባላት የሚያነሱት

ከአንድ አሰልጣኝ ጋር ዓመት ከዓመት የሚቆዩ ሰዎችን "እዚህ ምን ያዘህ?" ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ስለ ጡንቻው የመለሰልኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። "ስሜን ያውቃል" ትላለች አንዷ። "ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ እንዳነሳሁ ከእኔ በላይ ያስታውሳል" ይላል ሌላው። በኳስ ጨዋታ ጉልበቱ የተጎዳ አንድ የባንክ ሠራተኛ "ከበሩ ስገባ አረማመዴን ያያል፤ ካነከስኩ ሳልነግረው ይጠይቀኛል" ብሎኛል። ከሁሉም ይበልጥ ውስጤ የቀረው ግን ወፈር ያለች አንዲት ወጣት የነገረችኝ ነው፦ "ሲያርመኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ መስታወቱ ፊት የቆሙት አይሰሙም።"

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ሰው በጀመረው ነገር በራሱ ተነሳሽነት ጸንቶ እንዲቆይ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ፤ በምርጫው የሚሠራ መሆኑ፣ ችሎታው እያደገ መሄዱን ማየቱ፣ ከሰዎች ጋር መተሳሰሩ። አባላቱ የሚነግሩኝም ከእነዚሁ ጋር የሚገጥም ነው፣ በራሳቸው አነጋገር። ክብደቱን የሚያስታውስ አሰልጣኝ ዕድገታቸውን ያሳያቸዋል። ስማቸውን የሚያውቀው ያቀርባቸዋል። ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ክብራቸውን ይጠብቅላቸዋል። ጂም ገብቶ በሁለተኛው ወር የሚቀር ሰው ብዙ ጊዜ "ሰነፍኩ" ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እኔ ግን ካየሁት በመነሳት፣ ግማሹን ጥፋት ሲገባና ሲወጣ ላላየው አሰልጣኝ እሰጣለሁ።

የአዳራሽ አሰልጣኝ ወይስ የግል?

የአዳራሽ አሰልጣኝ የምለው ከወርሃዊው ክፍያ ጋር አብሮ የሚገኘውን፣ አዳራሹ ውስጥ እየተዘዋወረ የሁሉንም አባል ጥያቄ የሚመልሰውን ነው። ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ችግሩም የታወቀ ነው፤ ምሽት ላይ አንዱ አሰልጣኝ ለሃያ ሰው ይደርሳል። ቤንች ላይ የተኛ ሰው ብረቱ ደረቱ ላይ ሊያርፍበት ሲል አሰልጣኙ በሌላው ጥግ ትሬድሚል ሲያስተካክል አይቻለሁ፤ ያነሳለት አጠገቡ የነበረ ሌላ አባል ነበር። ሥራዎ ከፈቀደልዎ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ። ያው አሰልጣኝ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይጠይቃል፣ ያያል፣ ያርማል። በነጻ የሚገኘውን አሰልጣኝ በሰዓት ምርጫ ብቻ ወደ ግል አሰልጣኝ ማስጠጋት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን አያስበውም።

የግል አሰልጣኝ ለአንድ ሰዓት የእርስዎ ብቻ ነው። ዋጋው ከበድ ይላል፤ በብዙ ጂሞች ከወርሃዊው የአባልነት ክፍያ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለማን ይገባል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ያለማመንታት "ይክፈሉ" የምላቸው የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸውን፣ ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚጀምሩትን፣ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈውንና በሕይወታቸው ብረት ነክተው የማያውቁትን ነው። እነዚህም ቢሆኑ ለዘለዓለም አይደለም። ለሁለት ወይም ለሦስት ወር በሳምንት ሁለት ቀን ከግል አሰልጣኝ ጋር ሠርቶ፣ የእንቅስቃሴዎቹን አያያዝ በሚገባ ተምሮ፣ ከዚያ ወደ አዳራሹ አሰልጣኝ መመለስ ገንዘብንም ወገብንም ያድናል። ጥሩ የግል አሰልጣኝ በሦስተኛው ወር "ዛሬ ፕሮግራሙን አንተ ምራው፤ እኔ ልይህ" ይላል። ያለ እሱ ዳምቤል እንዳያነሱ የሚያደርግዎት አሰልጣኝ ደንበኛ ይዟል እንጂ ሰው አላሰለጠነም።

ዋጋ ሲያነጻጽሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይዩ። ወርሃዊው ክፍያ ለ12 ቀን ከሆነና እርስዎ በመንገድ መጨናነቅና በሥራ ምክንያት 6 ቀን ብቻ ከተገኙ፣ የከፈሉት በቀን እጥፍ ነው። ለቤትዎ የቀረበውና ትንሽ ውድ የሆነው ጂም ከሩቁ ርካሽ ጂም የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። የቀሩበት ቀን ይተላለፍ እንደሆነ፣ አሰልጣኙ ራሱ ቢቀር ምን እንደሚደረግ፣ ገንዘቡ ለጂሙ ይሁን ለአሰልጣኙ በቀጥታ የሚከፈል፣ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

የቡድን ትምህርት

ኤሮቢክስ የሚወድ ሰው ስለ ኤሮቢክስ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ሙዚቃው፣ ሰላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ወለሉን ሲመታው፣ መጨረሻ ላይ እስክስታ ሲገባበት፤ ለመቅረት ያሰበ ሰው እንኳን "ዛሬስ ልሂድ" ይላል። ቶሎ የሚሰለቻቸው ሰዎች ከየትኛውም ዓይነት ስፖርት ይልቅ እዚህ ይቆያሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ አሰልጣኝ መድረክ ላይ ሆኖ እየዘለለ የሰላሳ ሰው ጉልበት ማየት አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከፊት መስመር ይቁሙ። አፍሮ ከኋላ የሚቆመው አዲስ ገቢ መታየት ያለበት ሰው ራሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ሦስት ቀን ኤሮቢክስ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ አያሟላም። የቡድን አሰልጣኝ ሲመርጡ በሰዓቱ ውስጥ ዳምቤል፣ ላስቲክ ወይም ፑሽ አፕ የሚያስገባውን ያስቀድሙ። ገንዘብ ለቸገረው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው "መንገድ ለሰው" ለመኪና በሚዘጉት ጎዳናዎች ላይ በነጻ የሚሠራው ስፖርት ጥሩ መግቢያ ነው፤ ከዚያ መካከል ያዩትን አሰልጣኝ ተከትለው ጂም የገቡ ሰዎች አውቃለሁ።

በስልክ የሚመራ አሰልጣኝ

ይህን አማራጭ ለረጅም ጊዜ ስንቀው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት። ጂም መሄድ አትችልም፤ ያላት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ምንጣፍና ማታ ሥራ ከጨረሰች በኋላ የሚተርፋት ግማሽ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሰልጣኝ በቴሌግራም ፕሮግራም ይልክላታል፤ እሷ ስትሠራ የቀረጸችውን ቪዲዮ ትልክለታለች፤ እሱ በድምፅ መልእክት ያርማታል። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ መልሱ ሳይዘገይ ይደርሳታል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ግን ከአዲስ አበባ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ከአሰልጣኙ ጋር በቀጥታ መገናኘት ከፈለገ አስቀድሞ ሰዓት መስማማት አለበት።

በስልክ አሰልጣኞች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። አንዱ ለሁሉም ሰው ያንኑ ወረቀት ይልካል፤ ሌላው ቪዲዮዎን አይቶ "ቀኝ ተረከዝሽ ከመሬት ይነሳል" ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የአንድ እንቅስቃሴ ቪዲዮ ልከው ምን ብሎ እንደሚመልስ ይዩ። "ጎበዝ፣ ቀጥይ" ብቻ ካለ አላየውም። ወገብ፣ ጉልበት ወይም ልብ የታመመ ሰው ግን ከስልክ አሰልጣኝ ጋር አይጀምር፤ ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ በአጠገቡ የለም።

ቤት ድረስ የሚመጣ አሰልጣኝም አለ። ለአራስና ከቤት ለማይወጡ አረጋውያን ይጠቅማል። መታወቂያውን ይዩ፤ የሚያውቀው ሰው ይመስክርለት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኑር። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጡንቻ፣ ዲግሪ ወይስ ሰርተፍኬት?

በእኛ ጂሞች ሦስት ዓይነት አሰልጣኝ ያጋጥማል። አንደኛው ራሱ ሰውነቱን የገነባ፣ ከሰፈር ጂም በሲሚንቶ ዳምቤል ጀምሮ እዚህ የደረሰ ነው። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ነው። ሦስተኛው የውጭ አገር ሰርተፍኬት የያዘ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሰርተፍኬት ሰጪዎች አንዱ ነው፤ የእሱን የአሰልጣኝነት ሰርተፍኬት ለመያዝ የልብና የመተንፈስ ነፍስ አድን ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ምሩቁን አስቀድማለሁ፤ ነገር ግን በትንሽ ልዩነት ነው። ምሩቁ የትኛው ጡንቻ ለምን እንደሚታመም ሊያስረዳዎት ይችላል። ሰውነቱን የገነባው ብረት ሥር ገብቶ የቆየ ሰው ነው፤ ፍርሃቱን ያውቀዋል፤ ብረቱ ሲከብድ እጁን የት እንደሚያደርግ አይሳሳትም። ጉድለቱ በራሱ ገላ ላይ የሠራው ለሁሉም የሚሠራ መስሎ የሚታየው መሆኑ ነው። የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ የለመደውን የአርባ አምስት ዓመት እናት ላይ ይጭናል። የእኔን ወገብ የጎዳው ይህ ነው። ሰርተፍኬት የያዘውን ደግሞ "ልየው" ይበሉት። የት እንደተማረ፣ ትምህርቱ ስንት ወር እንደፈጀ፣ መቼ እንዳደሰው ይጠይቁት። በሚገባ የተማረ ሰው በዚህ አይቆጣም።

ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ "አሁን እዚህ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ ባይተነፍስ፣ ምን ታደርጋለህ?" መልሱ ውስጥ ሁለት ነገር መኖር አለበት፤ አምቡላንስ መጥራት (የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው) እና አምቡላንሱ እስኪደርስ የደረትን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እያጎደጎዱ መጫን። "ውኃ አፈስበታለሁ" ያለኝ አሰልጣኝ አለ። መልካም ልጅ ነበር፤ ግን እሱ ጋር አልተመዘገብኩም።

የመጀመሪያው ቀን

ጥሩ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ብረት ከማስነሳቱ በፊት ይጠይቃል። ከካናዳ ተነስቶ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሰባት ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅ አለ። ሐኪም የልብ ችግር እንዳለብዎ ነግሮዎት ያውቃል? ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን ያምዎታል? ባለፈው ወር ሳይንቀሳቀሱ ደረትዎን አሞዎት ያውቃል? ያዞርዎታል ወይም ራስዎን ስተው ያውቃሉ? የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ችግር አለብዎ? የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ? እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርግዎት ሌላ ምክንያት አለ? ለአንዱ እንኳን "አዎ" ካሉ ቀጣዩ እርምጃ ሐኪም ማማከር ነው። መጠይቁን በወረቀት መስጠቱ ግድ አይደለም፤ ጥያቄዎቹን በቃል ማንሳቱ ግን ግድ ነው።

የመድኃኒቱን ስም የሚጠይቅ አሰልጣኝ ሲያገኙ አጥብቀው ይያዙት። ለምን እንደሆነ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ከደም ግፊት መድኃኒቶች መካከል ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋሉ። ትሬድሚሉ ላይ የተጻፈው፣ የልብ ምት የሚደርስበትን ከፍተኛ ቁጥር ለመገመት የሚያገለግለው "ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ" የሚለው ስሌት ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም። የመጀመሪያው አሰልጣኜ ያንን ቁጥር እስክደርስ አሯሯጠኝ፤ መድኃኒቱ ስለሚይዘው ምቴ እዚያ ሊደርስ አይችልም ነበር፤ እኔ ግን ልወድቅ ደርሼ ነበር። አሁን ያለችኝ አሰልጣኝ "እየሮጥሽ ታወሪኛለሽ፤ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ካቃተሽ ፍጥነቱን እንቀንሳለን" አለችኝ። በዚህ ቀላል ዘዴ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ብረት ሳነሳ ትንፋሼን አምቄ እንዳልይዝም ታስታውሰኛለች፤ ትንፋሽ ማመቅ የደም ግፊትን ባንዴ ከፍ ያደርጋልና።

ከውጭ አገር ለክረምት የመጣ ሰውም በመጀመሪያው ቀን "ከየት መጣህ?" መባል አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዱባይ ላይ 5 ኪሎ ሜትር በቀላሉ የሚሮጥ ሰው እዚህ በ2 ኪሎ ሜትር ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን የሚያውቅ አሰልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያቀልለታል፤ የማያውቀው "ተዳክመሃል" ብሎ ያሳፍረዋል።

ቁጡው፣ ገራሙ፣ እና አጠራሩ

አንዳንድ ሰው የሚጮኽበት ይፈልጋል። ወንድሜ ካልተጮኸበት አይሠራም፤ እኔ ከተጮኸብኝ በሚቀጥለው ቀን አልመጣም። ስለዚህ ቁጣንና ገርነትን በደፈናው ማበላለጥ አይቻልም። ሊያዩት የሚገባው ያው አሰልጣኝ ሁለት ዓይነት ሰው ፊት ጠባዩን መለወጥ መቻሉን ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ይህ ነገር ወዲያው ይታወቃል፤ ትእዛዙ ራሱ ያጋልጠዋል። እንቅስቃሴ ሁሉ ትእዛዝ ነው፤ "ግፋ"፣ "ዝቅ በል"፣ "ተንፍስ"። እኔ የምሠራበት ጂም አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይመጣሉ። አዲስ የተቀጠረ ወጣት በመጀመሪያ ቀናቸው "ግፋ! ግፋ በለው!" አላቸው። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ብረቱን በቀስታ መልሰው አስቀመጡና ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄዱ። ሌላኛው አሰልጣኝ በማግስቱ ደውሎ "ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማሠራዎት" አላቸው። አሁን "ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉ፤ አዎ፤ አሁን ይግፉ" ሲላቸው መስማት ደስ ይለኛል። ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ አንድ ቀን አይቀሩም። ለትልቅ ሰው፣ ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ፣ አሰልጣኝ ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድመው አጠራሩን ያዳምጡ።

ሴቶች ከዚህ ላይ የምንጨምረው አለን። አሰልጣኝ አቋቋም ሲያስተካክል መንካቱ አይቀርም። ጥሩው "ትከሻሽን ልያዘው?" ብሎ ይጠይቃል፤ የተሻለው ራሱ ሠርቶ ያሳያል ወይም በዱላ ያመለክታል። ሳይጠይቅ የሚነካ፣ ከሥልጠና ሰዓት ውጭ ስለ ገላ የሚያወራ አሰልጣኝ ምንም ያህል ቢያውቅ አይሆንም። ሴት አሰልጣኝ ያለበትን ወይም ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያለውን ጂም ለመምረጥ ሂጃብ መልበስ ወይም ሃይማኖተኛ መሆን አያስፈልግም፤ ሳይሳቀቁ ዘና ብሎ መሥራት መፈለግ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ከወሊድ በኋላ ሽንት ያመልጠኝ እንደነበር ለወንድ አሰልጣኝ አንድ ዓመት ሙሉ አልተናገርኩም፤ ገመድ ዝላይ ሲያዘኝ ሰበብ እፈልግ ነበር። ለሴቷ በሁለተኛው ቀን ነገርኳት፤ ዝላዩን አውጥታ በሌላ ተካችው።

ጾምን የሚያውቅና የማያውቅ

አገራችን ውስጥ አሰልጣኝን ከአሰልጣኝ በግልጽ የሚለየው ወቅት ዓቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም፤ ብዙዎች እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያት ጾም፣ ፍልሰታ ሲጨመሩበት ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በሁዳዴ መካከል "ጠዋት ስድስት እንቁላል ነጩን ብቻ፣ ቀን የዶሮ ደረት" የሚል ወረቀት የሚሰጥ አሰልጣኝ የማንን ሕይወት እያየ ነው?

ስፖርት ለሚሠራ ሰው በስፖርት ሥነ ምግብ ዘርፍ በስፋት የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.4 እስከ 2 ግራም ነው፤ ለ70 ኪሎ ሰው ከ98 እስከ 140 ግራም ማለት ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ሽምብራም እንደዚያው። መቶ ግራም ለውዝ 25 ግራም ገደማ ይይዛል፤ አኩሪ አተር ከሁሉም ይበልጣል። በጾም ይህን ቁጥር መሙላት ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። የሚያውቅ አሰልጣኝ ሽሮው ላይ አኩሪ አተር እንዲጨመር ይነግርዎታል፤ ቆሎው ላይ ለውዝ ያስጨምራል፤ ዓሣ ይበሉ እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ አይወስንልዎትም። ከባዱን ሥልጠና ከ9 ሰዓቱ ምግብ በፊት በባዶ ሆድ ሳይሆን ከተመገቡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያደርገዋል። የብረቱን ክብደት ይዞ ዙሩን ይቀንሳል፤ ክብደት መጨመሩን ለፋሲካ ያቆየዋል። በረመዳንም እንዲሁ፤ ከጎሕ እስከ መግሪብ ውኃ ያልጠጣን ሰው ትሬድሚል ላይ አያላብም፤ ቀላል እንቅስቃሴውን ከማፍጠሪያው በፊት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከባዱን ከኢፍጣር በኋላ ያደርገዋል።

"ጾሙን ተወው፤ ጡንቻህ ይጠፋል" ያለ አሰልጣኝ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። በእምነትዎ ውስጥ ገብቷል፤ ሥራውንም አያውቅም። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ የሚጾሙና የሚሠሩ ከሆነ ግን ከአሰልጣኙ በፊት ሐኪምዎ ይወስን፤ ይህንንም ጥሩ አሰልጣኝ ራሱ ይነግርዎታል።

ወዲያው የሚያስወጡ ነገሮች

በአንድ ወር 15 ኪሎ አስቀንሳለሁ የሚል አሰልጣኝ አይመኑ፤ ጤናማው ቅነሳ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። ስሙ የማይታወቅ ክኒን ወይም መርፌ ከቦርሳው አውጥቶ የሚሸጥ ሰው አሰልጣኝ አይደለም፤ ጡንቻ ያሳድጋሉ የተባሉ ሆርሞኖች ልብን፣ ጉበትንና የመውለድ ችሎታን ይጎዳሉ። እርስዎ እየሠሩ እሱ ስልኩ ላይ ካለም ይበቃል። አዲስ ገቢን በመጀመሪያው ቀን እስኪያስታውክ የሚያሠራውን ግን ከሁሉም ይሽሹት። ከመጠን ያለፈ ሥልጠና ጡንቻን ሊያፈራርስና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከከባድ ሥልጠና በኋላ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻዎ ካበጠ ወደ ጂም ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የአንድ ሳምንት ሙከራ፣ ከዚያም ይሉኝታ

ሳይመዘገቡ አንድ ቀን ሄደው ይቀመጡ። የሚያስቡትን አሰልጣኝ ከሌሎች ጋር ሲሠራ ይዩት፤ በተለይ ከደካማው ጋር። ከዚያ አንድ ሳምንት ይሞክሩት፤ በአንዱ ቀን ሆን ብለው "ይህ ጉልበቴን ይሰማኛል" ይበሉት። ብረቱን አስቀምጦ "የቱ ጋ? መቼ ጀመረህ? እስቲ በቀስታ ያለ ብረት አሳየኝ" ካለ አግኝተዋል። "ይለመዳል" ካለ የእኔን ሦስት ወር ያስታውሱ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ደብተር ይያዝ አይያዝ ይዩ፤ ያነሱትን ኪሎ ያልመዘገበ ሰው መቼ እንደሚጨምርልዎት አያውቅም። የታሰበውን የድግግሞሽ ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት ሲያልፉ የብረቱን ክብደት ከ2 እስከ 10 በመቶ መጨመር የታወቀው አካሄድ ነው፤ በስሜት አይጨመርም።

እንደማይሆንዎት ካወቁ በኋላ የሚቀረው ከባዱ ነው። ወገቤን ካሳመመኝ አሰልጣኝ ጋር ሌላ ሁለት ሳምንት የቆየሁት በይሉኝታ ነው። ልጁ ሳቂታ ነበር፤ "እንዳይከፋው" እያልኩ ታመምኩ። ብዙ አባላት እንዲህ ናቸው፤ አሰልጣኙን ላለማስቀየም ጂሙን ራሱን ይተዋሉ። አስፈላጊ አይደለም። የወሩ ክፍያ ሲያልቅ እንግዳ መቀበያው ላይ "ከሚቀጥለው ወር ከእገሌ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ" ማለት በቂ ነው፤ ጂሞች ይህን የለመዱት ነገር ነው። ለቀድሞውም ፊት ለፊት "እስካሁን ስላሠራኸኝ አመሰግናለሁ፤ ለወገቤ የሚሆን ሥራ ልሞክር ነው" ይበሉት። ሰላምታው እንዳይቋረጥ፤ በየቀኑ መተያየትዎ አይቀርምና። ያነሱት ኪሎ የተጻፈበትን ደብተርም ይዘው ይሂዱ፤ አዲሱ አሰልጣኝ ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል።